አምፕ ያለው ይጫወታል

ሎሚ ነገሩን የሰማችው ጀሪካን እየሞላች ሳለ ነው። በዚያ ግቢ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ማለዳ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ቧንቧው ደግሞ የተተከለው እህቷ ሜቲ ከባሏ ከንዋይ ጋር ከምትተኛበት ክፍል መስኮት ሥር ነው። የአዳማ ሙቀት መስኮት ዘግቶ አያስተኛም። ስለዚህ ውሃ የሚቀዳ ሁሉ፣ ፈለገም አልፈለገም፣ የባልና ሚስቱን ወሬ ይሰማል፤ ጎረቤቱም ሰምቶ እንዳልሰማ መሆንን ለምዶታል። ሎሚ ግን ጎረቤት አይደለችም። ንዋይ በስልክ እያወራ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል። “አብዱናሲር፣ ነገሩ ግልጽ ነው” ይላል። “አምፑ የኔ ነው። አምፑ ከመጣ እኔም አብሬው እመጣለሁ። ቤዝ ጊታር ምኑ ይከብደኛል? ሃያ ዓመት ጊታር የተጫወትኩ ሰው ነኝ እኮ። ቤዙ እንደሆነ እዚሁ ቤት አለ፤ የሎሚን እንይዛለን።” ከዚያ ትንሽ አዳመጠና፣ “እሷን ለኔ ተዋት” ብሎ ዘጋ።

ሎሚ የቧንቧውን ውሃ ልትዘጋ እጇን ሰደደችና ተወችው። አሁን እህቷ ትናገራለች ብላ ጠበቀች። ሜቲ፣ “ሎሚስ?” ስትል ሰማቻት። “ሎሚ ገና ልጅ ናት። ሌላ ታገኛለች” አላት ባሏ። ሎሚ አሁንም ጠበቀች። አልጋው ሲንቋቋ፣ አንድ ሰው ነጠላ ጫማውን በእግሩ ሲፈልግ፣ የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት ሰማች። ሜቲ ምንም አላለችም። ጀሪካኑ ሞልቶ ውሃው በሎሚ እግሮች ላይ ይፈስ ነበር፤ ከኋላዋ ተራ የያዘችው ሴትዮ፣ “አንቺ ልጅ፣ ውሃው እኮ የመንግሥት አይደለም፣ የሁላችንም ነው!” ብላ ጮኸችባት። ሎሚ ይቅርታ ጠይቃ ጀሪካኗን አነሳች። ሰውን ሁሉ ይቅርታ መጠየቅ ትችላለች፤ ለአራት ዓመት በሰው ቤት ሳሎን የተኛ ሰው ይህን ሥራ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ሳሎኑ ለሎሚ መኝታ የሚሆነው ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ነው። ፍራሿን ከሶፋው ጀርባ ታወጣና መሬት ላይ ትዘረጋለች፤ ጠዋት ማንም ሳይነሳ ጠቅልላ ትመልሳለች። ቴሌቪዥኑ የተቀመጠው በንዋይ የጊታር ድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር ላይ ነው፤ አምፑን ነጭ ዳንቴል አልብሰውታል። ንዋይ በየሰርጉ ጊታር ይጫወት በነበረበት ዘመን የገዛው ነው፤ ከዚያ ሰርጉን ሁሉ አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ ጠቅልለው ወሰዱት፣ እሱም ሞጆ ደረቅ ወደብ ለአንድ አስመጪ ወረቀት ማመላለስ ጀመረ። ከሦስት ወር ወዲህ ያ ሥራም ቆሟል። አምፑን ግን አልሸጠውም። ለዚያ ዕቃ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ “ቤዝ አይገባበትም!” ሎሚ ቤዝ ጊታሯን ይዛ እዚያ ቤት የገባች ቀን ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ የሰማችው ይህንኑ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተኝታ፣ አንድ ቀን እንኳ ገመዷን ሳትሰካበት፣ ቤዟን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ያለ ድምፅ ተለማምዳለች።

ሰውዬው በዚህ ነገር አልዋሸም። የጊታር አምፕ ለጊታር የተሠራ ነው። የቤዝ ድምፅ ወፍራም ስለሆነ ስፒከሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አብዝቶ ይገፋዋል፤ ድምፁ ሲጨመርበት የስፒከሩ ፊት ወረቀት መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ከዚያ ይቀደዳል። ሎሚ ይህን ከንዋይ በላይ ታውቀዋለች። በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ ስድስት ዓመት ቤዝ የተጫወተችው በአንድ አሮጌ የጊታር አምፕ ነው፤ ሌላ አልነበረም። ቤዙን የሚጨምረውን ማዞሪያ ወደ ዜሮ ትመልሳለች፣ ድምፁን ከግማሽ በታች ታደርጋለች፣ አምፑን ወደ ራሷ ጆሮ ታዞረዋለች፣ ክሩን በጣቷ ሥጋ ትነካዋለች እንጂ አትጎትተውም። ለምእመኑ የሚደርሰው ድምፅ በሌላ ገመድ ወደ ሚክሰሩ፣ ድምፅ ሁሉ ወደሚቀላቀልበት ሰሌዳ፣ ሄዶ በአዳራሹ ትልልቅ ስፒከሮች ይወጣል። አምፑ የሷ መስሚያ ብቻ ነው። ይህን ለንዋይ ልታስረዳው አንድ ጊዜ ሞክራ ነበር፤ እየሳቀ፣ “ድምፁ የማይሰማ አምፕ ምን ይሠራል?” ብሏት ወጥቷል።

ታዲያ ከሳምንት በፊት አብዱናሲር፣ የአንድ የአዳማ ባንድ አለቃ፣ ደውሎላት ባቱ ከተማ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሪዞርት ለዓመት የሚቆይ ባንድ እንደሚፈልግ ነገራት። ከአርብ እስከ እሑድ ሥራ፣ ለሙዚቀኞቹም ከሠራተኞች ማደሪያ ለየሰው አንድ ክፍል። ሎሚ ከዚህ ሁሉ የሰማችው “ለየሰው አንድ ክፍል” የሚለውን ነው። በር ያለው ክፍል። ፍራሽ የማይጠቀለልበት ክፍል። “ቤዟ አንቺ ነሽ፣ ግን ሪዞርቱ አምፕ የለውም፤ ፈልጊ” አላት አብዱናሲር። የምታውቀው አምፕ አንድ ነው። ንዋይን ለመነችው፤ “ላስብበት” አለ። ሦስት ቀን አሰበ። ያሰበውን ዛሬ፣ ባንዱ ለፈተና ወደ ሪዞርቱ በሚሄድበት ቀን ጠዋት፣ በመስኮት ሰማችው።

ቁርስ ላይ ማንም ስለ ባቱ አላነሳም። ንዋይ የሰርግ ጊዜውን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሆዱ ላይ ያሉት ቁልፎች ተወጥረዋል። ስለ ውሃው አወሩ፣ ስለ መብራቱ አወሩ፣ የአከራይዋ ልጅ ባጃጅ ስለ መግዛቱ አወሩ። አንድ እንቁላል ሃያ ብር በገባበት ጊዜ ሜቲ የሎሚ ሳህን ላይ ሁለት አደረገችላት፤ ለባሏ አንድ፣ ለራሷ ምንም። ይቅርታዋ መሆኑ ነው። ሎሚ ሁለቱንም እንቁላል በላች፤ ከንዴቷ ብዛት ሳታላምጥ ነው የዋጠቻቸው። “ሻይ ልጨምርልሽ ሎሚዬ?” አለች ሜቲ። “በቃኝ” አለች ሎሚ። እህቷን ቀና ብላ አላየቻትም፤ ካየቻት ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ደግሞ ሰምታለች ማለት ነው። ንዋይ ዳንቴሉን አንስቶ አጠፈው፣ ቴሌቪዥኑን መሬት አስቀመጠ፣ አምፑን በጨርቅ ወለወለ። “ቤዝሽን አዘጋጅተሻል?” አላት ጀርባውን እንደሰጣት። “አዘጋጅቻለሁ ጋሼ።” ሌላ ነገር አልነገራትም። ሎሚም ቤዟን በጀርባዋ አዝላ፣ መንገዱ የሷ እንደሆነ ሁሉ፣ ቀድማው ወጣች።

የአብዱናሲር ሚኒባስ አባቱ በአዳማና በአሰላ መካከል ሰው ሲጭንበት የኖረ ነው፤ አሁንም በሩ ሲከፈት ተሳፋሪ የሚጠራ ይመስላል። ድራመሩና ዘፋኙ ከኋላ ተቀምጠው እንቅልፋቸውን ይዘዋል። ንዋይ አምፑን መካከለኛው ወንበር ላይ አስቀመጠውና በቀበቶ አሰረው፤ እሱ በአንድ በኩል፣ ሎሚ በሌላ በኩል ሆኑ። አብዱናሲር በመስታወቱ ሎሚን አየና ዓይኑን ቶሎ መለሰ። “አካም ቡልቴ፣ ሎሚ?” አለ፤ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው። አብዱናሲር ቤተሰቡ ከወሎ የመጣ ነው፤ ኦሮምኛ የሚቀናው ጥፋት ያለበት ቀን ብቻ ነው። “ነጋ” አለችው፣ ደህና ለማለት። ሞጆ ላይ የከባድ መኪናው ሰልፍ ግማሽ ሰዓት አቆማቸው። ንዋይ ወደ ደረቅ ወደቡ መታጠፊያ አንድ ጊዜ አየና አንገቱን አዞረ። ቆቃን አልፈው ሙቀቱ ሲበረታ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፈቱ፤ ነፋሱ ለማንም መናገር ስለማያስችል ሁሉም ደስ አላቸው።

ዓለም ጤና ላይ አብዱናሲር ሽንኩርት ልግዛ ብሎ ቆመ። ከመንገዱ ዳር ሽንኩርቱ በማዳበሪያ ተደርድሯል፤ ኪሎው ሃምሳ ብር ነው ሲሉት፣ “ወዳጄ፣ ከማሳው ደጃፍ ላይ ሆነሽ የአዳማን ዋጋ ትጠሪልኛለሽ?” እያለ ከሻጯ ጋር ተከራከረ። ከዚያ ማዳበሪያውን አብራው እንድትይዝለት ሎሚን ጠራት። ለመያዝ አልነበረም። “ሎሚዬ” አለ፣ የሽንኩርቱን ልጣጭ በጣቱ እየላጠ፣ “ዛሬ ቤዙን ንዋይ ይጫወተው። አንቺ አጃቢ ድምፅ ትሆኛለሽ። ለአጃቢ ክፍል ይሰጡ እንደሆነ እጠይቅልሻለሁ። ምን ላድርግ? ሕጉን ታውቂዋለሽ።” ታውቀዋለች። በአዳማ ባንዶች ዘንድ ያልተጻፈ ግን ሁሉም የሚገዛለት ሕግ ነው፤ አምፕ ያለው ይጫወታል። ዕቃው ከመጣ ባለቤቱ ቦታ ይይዛል፣ ችሎታ ከዚያ በኋላ ይታያል። በዚህ ሕግ የተነሳ ከበሮ የማይችል ስንቱ ከበሮ መቷል። “ቤዙ ግን የኔ ነው” አለች ሎሚ። “ቤዝ ያለ አምፕ ጣውላ ነው እኮ” አለ አብዱናሲር፤ ሊያጽናናት ነበር የፈለገው። ሎሚ ማዳበሪያውን በአንድ በኩል አንስታ መኪናው ላይ ጫነችለት። እጇ ሽንኩርት ሸተተ፤ ዓይኗ የቀላው በዚያ ነው ብለው ያስቡ ብላ ዓይኗን አሸችው።

ወደ መኪናው ስትመለስ ንዋይ ይጠብቃት ነበር። “ነገረሽ?” አላት። “ነገረኝ።” “ክፉ አላሰብኩብሽም። ቤት ውስጥ ሥራ የሌለው ወንድ ምን እንደሚሆን አንቺ አታውቂም።” ሎሚ የምታውቀው ብዙ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ሲወጣና ሲገባ አይታዋለች፤ ሥራ እንዳለው ሁሉ ጠዋት ጫማውን ሲወለውል፣ ቀን ካፌ በረንዳ ላይ በአንድ ማኪያቶ ሲውል፣ ማታ ሜቲ ደሞዟን ስታወጣ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ሲያዞር። ታዝንለት ነበር። ዛሬ ግን ሐዘኗን ፈልጋ አጣችው። “አምፑን እንዳትቀደው ብቻ” አለችው። ከልቧ መክራው ይሁን አሽሙር ተናግራው ለራሷም አልተለየላትም። ንዋይ አሽሙር ነው ብሎ ወሰደው፣ እስከ ባቱም ዳግመኛ አልተነጋገሩም።

ሪዞርቱ አንድ ጠርሙስ ውሃ ሰማንያ ብር የሚሸጥበት ዓይነት ነው። መድረኩ ከሐይቁ ፊት ለፊት፣ በሣር ክዳን ሥር ነው፤ ግራና ቀኝ ቁመታቸው የሰው የሚያህል ሁለት ጥቁር ስፒከሮች ቆመዋል። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ሀጂራ ቁመተ ረጅም፣ ሰዓቷን ቶሎ ቶሎ የምታይ ሴት ናት። “ሦስት ዘፈን አሰሙኝ” አለች። “ስምንት ሰዓት ላይ ከሻሸመኔ ሌላ ባንድ ይመጣል፤ ማታ እወስናለሁ። እኔ እዚያ ውሃው ዳር እቆማለሁ፤ የሰርግ እንግዳ እስከዚያ ድረስ ነው የሚቀመጠው።” ሰዓድ የሚባለው የሪዞርቱ ሳውንድ ማን፣ የድምፅ ባለሙያው፣ ከሚክሰሩ ኋላ ተቀምጧል። ለኪቦርዱ፣ ለከበሮውና ለማይኮቹ ገመድ ዘረጋ። ወደ ንዋይ አምፕ ሲመጣ ንዋይ በእጁ ከለከለው። “ለዚህ ገመድ አያስፈልገውም፤ ራሱ ይበቃል” አለ ኮራ ብሎ። ሰዓድ ትከሻውን ነቅንቆ ተመለሰ። ንዋይ የሎሚን ቤዝ አንገቱ ላይ አጠለቀ፤ ማንጠልጠያው አጥሮበት ቤዙ ደረቱ ላይ ወጣ። ከኪሱ የጊታር ፒክ፣ ክር መምቻዋን ፕላስቲክ፣ አወጣ። ሎሚ ከዘፋኙ ኋላ ማይክ ይዛ ቆመች። የራሷን ዕቃ በሌላ ሰው አንገት ላይ ማየት እንዲህ የሚያም አልመሰላትም ነበር።

የመጀመሪያው ዘፈን ተጀመረ። ንዋይ መጥፎ ሙዚቀኛ አይደለም፤ ኖታው ትክክል ነው። ግን ቤዙን እንደ ጊታር ነው የሚመታው፣ ብዙ፣ ፈጣን፣ በፒክ። ከውሃው ዳር ወይዘሮ ሀጂራ እጇን አነሳች። “ቤዙ አይሰማኝም!” ንዋይ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ጨመረ። “አሁንም አይሰማኝም!” እንደገና ጨመረ፤ የቤዙንም ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞረው። ያን ጊዜ ከአምፑ ውስጥ ፍርርር የሚል ድምፅ መጣ። ንዋይም ሰምቶታል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ግን አላቆመም፣ እንዲያውም ክሩን ጠንክሮ መታ። ይቀደድ! አለች ሎሚ በሆዷ። በሰው ፊት ይቀደድበት፤ ለሜቲም ሄዶ ይንገራት። ይህን ተመኝታ ገና ሳትጨርስ ፈራች። ከተቀደደ ፈተናው እዚያው ያልቃል፣ ክፍሉም ለማንም አይደለም፤ የሻሸመኔዎቹ ይገቡበታል። ደግሞም ያ ድምፅ ጥርሷ ድረስ ይሰማታል። ስፒከር እየተቀደደ ቆሞ መስማት አልቻለችም። ማይኩን አስቀምጣ ሄደችና አምፑ ፊት ተንበረከከች።

“ጋሼ፣ ቤዙን ቀንሰው። ይቀደድብሃል።”

“አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?”

ማዞሪያውን ይዛ ወደ ዜሮ መለሰችው። ንዋይ እጇን መታት። ጠንካራ ምት አልነበረም፤ ዝንብ የሚያባርር ሰው ያህል ነው፤ ግን ከበሮው ቆመ፣ ኪቦርዱ ቆመ፣ ዘፋኙም አፉን እንደከፈተ ቀረ። “እጅሽን ሰብስቢ!” አለ ንዋይ። አብዱናሲር፣ “ሎሚ፣ ተይ በናትሽ፣ ይቅርታ በይው” አለ። ሎሚ ተነሳች። “ይሄ አምፕ የሚበቃው ላንተ ጆሮ ብቻ ነው፣ ጋሼ” አለች። “ለሳቸው የሚያሰማው ያኛው ነው።” ትልልቆቹን ስፒከሮች በእጇ አሳየችው። “ገመዱን ሰዓድ ይስካው፣ አንተ ድምፁን ቀንስ። ሌላ ምንም አላልኩም።” ይህን ብቻ ቢሰማት ኖሮ ያ ቦታ የንዋይ ይሆን ነበር፤ ሎሚም ይህን ታውቅ ነበር፣ አውቃም ነው የተናገረችው። እሱ ግን የሰማው አምፑ ሲናቅ ነው።

“እንግዲያው አምፑ የኔ ነው” አለ። ማብሪያውን አጠፋ። ቤዙን ከአንገቱ አውልቆ ወንበር ላይ ጣለው፣ አምፑን በሁለት እጁ አቅፎ ተነሳና ወደ በሩ መሄድ ጀመረ። በዝግታ ነበር የሚሄደው። በሰርጉ ዘመን ይህን ብዙ ጊዜ አድርጎታል፤ ባለ አምፕ ሲቆጣ ዕቃውን ያነሳል፣ ባንዱ ተከትሎት ይሮጣል፣ አንዱ ትከሻውን ይስመዋል፣ ሌላው ሲምል ሲገዘት ያግባባዋል፣ በሦስተኛው ልመና ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ ደፍሮ የሚናገረው አይኖርም። አብዱናሲርም ደንቡን አልረሳም፤ ከኪቦርዱ ኋላ ወጥቶ መሮጥ ጀምሮ ነበር። “አብዱ!” አለች ሎሚ። እሷም በድምፇ ደነገጠች። “ኪቦርድህ ላይ ተመለስ። እኔ እጫወታለሁ።”

“በምን አምፕ?”

“ያለ አምፕ።”

ሰዓድ ገመዱን እንደያዘ አያት። “ቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ልሰካው እችላለሁ” አለ፤ “ግን ያለኝ የመድረክ መስሚያ ሞኒተር የዘፋኙ ብቻ ነው፣ ትልልቆቹ ደግሞ ፊታቸው ወደ ሐይቁ ነው። ከበሮው አጠገብ ቆመሽ የራስሽን ድምፅ አትሰሚውም።” “እናንተ ትሰሙታላችሁ” አለችው። አንድ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን አምፑን መብራት አቃጥሎት እንዲሁ ተጫውታ ነበር፤ መዝሙሩ መሃል ላይ ጠፋባት፣ የት እንዳለች ሳታውቅ ቆመች፣ ምእመኑ ሁሉ ዞሮ አያት። ከዚያ ወዲህ ያለ አምፕ ቆማ አታውቅም። ወይዘሮ ሀጂራ ከውሃው ዳር ሰዓቷን ታያለች። ሎሚ ቤዙን አነሳች፣ ማንጠልጠያውን ትከሻዋ ላይ አጠለቀች፣ ለድራመሩም፣ “እግርህን ብቻ ነው የማየው፣ እንዳታታልለኝ” አለችው።

አብዱናሲር ጀመረ። ሎሚ የመጀመሪያውን ክር ነካች፤ ምንም አልሰማችም። ከበሮው ሁሉን ዋጠው። ሁለተኛውን ነካች፤ አሁንም ምንም። የምትጫወት ሳትሆን የምታስመስል መሰላት፤ አራት ዓመት ሙሉ ሳሎን ውስጥ ስታደርግ የኖረችው ይህንኑ ነው፣ ግን እዚያ ማንም አይፈትናትም ነበር። አገጯን ዝቅ አድርጋ በቤዙ ጫፍ እንጨት ላይ አሳረፈችው። ያን ጊዜ መጣ። በጆሮዋ ሳይሆን በመንጋጋዋ አጥንት በኩል፣ እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው መጣላት። አጎንብሳ፣ አገጯን ከእንጨቱ ሳታነሳ፣ ዓይኗን ከድራመሩ ጫማ ሳትነቅል ተጫወተች። ሁለተኛው ዘፈን ፈጣን ነው፤ ላቧ ወደ ዓይኗ ገባ፣ አልጠረገችውም። ሦስተኛው ሲጀመር ብቻ አንድ ጊዜ ቀና አለች። ወይዘሮ ሀጂራ ሰዓቷን ማየት ትታለች። ከሩቅ፣ ግቢው በር ላይ ደግሞ፣ ንዋይ አምፑን እንዳቀፈ ቆሟል፤ ዘበኛው እጁን ዘርግቶ አግዶታል። የዕቃ መውጫ ወረቀት እየጠየቀው ነው። ዕቃ ከዚያ ግቢ ያለ ሥራ አስኪያጇ ፊርማ አይወጣም፤ ፊርማውን ለማግኘት ደግሞ ወደ መድረኩ መመለስ አለበት። ንዋይ አልተመለሰም። ማንም ሳይለምነው፣ አምፑን እንደታቀፈ፣ ወደ መድረኩ ዞሮ ቆመ።

ወይዘሮ ሀጂራ ሣሩን አቋርጣ መጣች። “ቤዙ ተሰምቶኛል” አለች፤ “እንዲያውም ትንሽ ቀንሱት፣ እንግዳ ማውራት ይፈልጋል።” ሰዓድ ሳቀ። “የሻሸመኔዎቹን መንገድ ሳይጀምሩ ልደውልላቸው። እናንተ አርብ ጀምሩ። ግን ቤዙን የሚጫወተው ቅድም የነበረው ሰውዬ ነው ወይስ እሷ?” አብዱናሲር ወደ በሩ አየ፣ ወደ ሎሚ አየ። “እኔ ነኝ” አለች ሎሚ፤ ሌላ ሰው እስኪናገርላት መጠበቅ አልፈለገችም። “ጥሩ” አለች ወይዘሮ ሀጂራ። “ቁልፍሽን ከቢሮ ውሰጂ። አልጋው አዲስ ነው፣ በሩ ብቻ ለመክፈት ትንሽ ያስቸግራል።” ሎሚ አመሰገነቻትና፣ “አንድ የዕቃ መውጫ ይፈርሙልኝ፤ የእህቴ ባል በር ላይ ቆሞብኛል” አለቻት።

ወረቀቱን ይዛ ስትደርስ ንዋይ አምፑን ከዘበኛው ቤት ጥላ ሥር አስቀምጦ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። ወረቀቱን ሰጠችው፤ ተቀብሎ ሳያነበው አጠፈው። ሎሚ ድል ያደረገ ሰው ደስታ ይሰማኛል ብላ ነበር የመጣችው። የተሰማት ድካም ብቻ ነው፤ ጣቶቿ ያቃጥሏታል፣ መንጋጋዋም ደንዝዟል። ትታው መሄድ ግን አቃታት። ግቢው ውስጥ እሷን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያዳመጠ፣ ሙዚቃም የሚያውቅ፣ ከዚያ ርቀት የሰማ ሰው እሱ ብቻ ነው።

“እዚህ ድረስ ይሰማል?” አለችው።

“ይሰማል።”

“እኔ አልሰማሁትም። እንዴት ነበር?”

ዘበኛው ሬዲዮውን ቀነሰ። ሊያዋርዳት የሚችል ቃል ከንዋይ አፍ ሊወጣ ሲል አየችው፣ ሲመልሰውም አየችው። “ሁለተኛው ላይ ቸኩለሻል” አለ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ። “ድራመሩ ጎተተሽ። ሦስተኛው ላይ ግን እሱ ነው አንቺን የተከተለሽ።” እውነቱን ነው። ሎሚ ራሷን ነቀነቀች፤ ከንዋይ ጋር አራት ዓመት ስትኖር ስለ ሙዚቃ እንደ ሙዚቀኛ ሲያናግራት ይህ የመጀመሪያው ነበር፣ ይህም ከምቱ ይልቅ አስለቀሳት። እንባዋን እያየ አላየም።

ያን ጊዜ የንዋይ ስልክ ጮኸ። ሁለቱም ማን እንደሆነች አወቁ። ንዋይ ስልኩን እያየ ሦስት ጊዜ አስጮኸው፤ አውራ ጣቱ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ለሎሚ ሰጣት።

“አንቺው ንገሪያት” አለ።

“ሄሎ፣ ንዋይዬ፣ እንዴት ሆነ? አገኘኸው?” አለች ሜቲ፣ በጥድፊያ።

“ሜቲ፣ ሎሚ ነኝ” አለች። እህቷ ትንፋሿን ስትይዝ በስልኩ ውስጥ ተሰማት። “ያገኘሁት እኔ ነኝ።”